የሲግኔ ደብዳቤዎች

ጠዋት ወደ ማድቤት ስወርድ ኮሪን ቡናማ ሹራቤን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አንገቱ ስር በማይለቅ ቀለም ስሜን ስትጽፍበት ደረስኩባት። ቨርና ሉንድሞ፣ ቁልጭ ባለ ትልልቅ ፊደል። ኮሪን የወንድሜ ሚስት ናት፤ አንድ ጣሪያ ስር ሠላሳ ስድስት ዓመት ስንኖር የኔን ልብስ በጣቷ ጫፍ ነክታ አታውቅም። "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። ቀና ሳትል "ላውንደሪ ልልክልሽ ነው፤ ከሰው ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል" አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! ሹራቡን የገዛሁት ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ካለው የልባሽ ጨርቅ መደብር በአራት ዶላር ነው፤ ላውንደሪው ደግሞ ለአንድ ሹራብ ሰባት ዶላር ያስከፍላል። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው አፋጥጬ እይዛት ነበር። የዚያን ዕለት ግን ደስ ብሎኝ ስለነበር ነገሬም አላልኩት።

ደስ ያለኝ ወንድሜ በሬን ስላንኳኳ ነው። ሳቁ እንግዲህ። የምተኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣሪያው ስር ባለችው ክፍል ነው፤ የብርዱ ወራት ሲገባ መስኮቷ በውስጥ በኩል በረዶ ይሠራል። ሮሊን እዚያ ደረጃ ላይ እግሩን ካነሳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፕሮፌሰር ሮሊን ሉንድሞ ሲባል በሴንት ፖል የማያውቀው የለም። ሥራው የሞቱ ፖለቲከኞችን ሕይወት መጻፍ ነው፤ ሦስት አገረ ገዢ፣ ሁለት ሴናተርና አንድ ከንቲባ ጨርሷል። "የሞተ ሰው ፍርድ ቤት አይሄድም" እያለ ተማሪዎቹን ያስቃቸዋል። ምክር ቤቱ አካባቢ የሚውሉት ሰዎች አዲስ መጽሐፉ በወጣ ቁጥር ማንበብ የሚጀምሩት ከኋላ ነው፤ መጨረሻው ላይ ካለው የስም ዝርዝር የአባታቸውን ወይም የጠላታቸውን ስም ይፈልጉና፣ ገጹን ገልጠው ሱቁ ውስጥ እንደቆሙ አንብበው፣ ሳይገዙ ይወጣሉ። እኔም እንደነሱ ከኋላ ነው የምጀምረው። ስሜ ኖሮበት አያውቅም።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ቁና ቁና እየተነፈሰ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠው። "ቨርኒ" አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እናታችን በሕይወት ሳለች ነበር። "የገዢው መጽሐፍ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው፤ እንደገና ሊታተም ነው። መቅድሙ ላይ እውነቱን ልጽፍ ነው። ደብዳቤዎቹ ያንቺ መሆናቸውን።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቅኋት ቃል ናት። ከሷ በቀር ከዚህ ቤት ምንም ጠይቄ አላውቅም።

የገዢው መጽሐፍ የምንለው ስለ አገረ ገዢ ታልበርት ሃውግ የጻፈውን ነው፤ ሽልማት ያመጣለት፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ያስባለው፣ ይህን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የገዛለት። ሰው የሚያለቅሰው ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። ገዢው በየአደባባዩ ለድሃ ሲቆረቆር፣ የገዛ እህቱ ሲግኔ፣ ቶርሰን ፎልስ በሚባለው ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተቆልፎባት ነበር። ና ውሰደኝ እያለች ብትጽፍለት አንዴም ሄዶ ሳያያት እዚያው ሞተች። ይህ እውነት ነው። ደብዳቤዎቹ ግን የሷ አይደሉም። የሷን ደብዳቤዎች የሃውግ ቤተሰብ ከቀብሯ ማግስት ምድጃ ውስጥ ጨምሯቸዋል። መጽሐፉ ላይ ያሉት የኔ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመቴ እኔም እዚያው ሆስፒታል ገብቼ ዘጠኝ ዓመት ተቆልፎብኛል። አባታችን ስላልነበረ ያስገባኝ ሮሊን ነው፣ በፊርማው። ያስወጣኝም ሮሊን ነው፣ በፊርማው። በመሀል ና ውሰደኝ እያልኩ የጻፍኩት ለሱ ነው፤ አንዴም አልመጣም። ለካ ደብዳቤዎቼን አስቀምጧቸው ኖሯል! ጊዜው ሲደርስ የኔን ስም አወጣና የሲግኔን አስገባበት። ለገዢው የሰጠው ጭካኔ የራሱ ነበር፤ አቤት ሲጽፈው ደግሞ እንዴት አማረለት!

ረቂቁን ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ምድር ቤት ከማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ ገጽ ስገልጥ የራሴን ቃል አገኘሁት። ሮጬ ወጥቼ ስጠይቀው "አንቺና ሲግኔ እኮ አንድ ናችሁ፤ ቤቱ አንድ ነው፣ መከራው አንድ ነው። አንባቢ ድምጿን ይስማ ብዬ ነው" አለኝ። በሱ ፊርማ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በፊርማው መመለስም አለ። ወርጄ ታይፕ አደረግሁት። የግርጌ ማስታወሻው ላይ "በጸሐፊው እጅ የሚገኝ" ብሎ ጻፈበት። የምስጋናው ገጽ ላይ፣ ከውሻችን ከባክስተር ቀጥሎ፣ "ለታይፕ ሥራ፣ ቪ. ኤል." ይላል። ውሻው እንኳ ሙሉ ስሙን አገኘ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አልኩት።

ከአሳታሚው ቤት አንዲት ሴት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ነገረኝ። የእጅ ጽሑፌን ማየት ይፈልጋሉ አለ። ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ምድር ቤቱ ውሃ የገባበት ጊዜ ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ማድቤት ቁጭ ብዬ ሰባተኛውን ምዕራፍ በእጄ ልገልብጥ። "ቃል በቃል፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው። እንግዳዋ ስትገባም እንዳታቋርጪ፤ ስትጽፊ ትይሽ።"

"በማን ስም ልፈርም?"

"እንዳለ አልኩሽ እኮ። በሲግኔ። ያንቺን እኔ መቅድሙ ላይ እጽፈዋለሁ።"

ሰማያዊ ቀሚሴን ልለብስ ስወጣ ኮሪን ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "ኧረ ተይው ቨርና፣ ይቺ የቤት ልብስሽ ትመችሻለች" አለች። ማበጠሪያ ስፈልግ ደግሞ "ፀጉርሽንም ተይው፤ እንዲሁ ያምርብሻል" አለችኝ። አፏ እንዲህ ማር ሆኖ አያውቅም። ፀጉሬ እንደተንጨባረረ፣ ክርኑ ባለቀ የቤት ልብስ ማድቤት ተቀመጥኩ። አዲስ ወረቀትና ጥሩ እስክሪብቶ አዘጋጅተውልኛል። ጽፌ ጽፌ ጣቴ ሲደነዝዝ ትንሽ አሸዋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ስጽፍ ደግሞ ያ ቤት ይመጣብኛል፤ የሽንት ሽታ ያለው ኮሪደር፣ ዘጠና ሴት የሚተኛበት አዳራሽ፣ እርሳስ ለመዋስ ወለል የመወልወል ተራ። ከሁሉ የምወዳት ደብዳቤ ጋ ደረስኩ። ያኔ ፖስታ ቤት ከከተማው ስም ኋላ አምስት ቁጥር ጻፉ ማለት የጀመረው ገና ነበር፤ ነርሷ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፋ እንደ ሕፃን በዜማ አስጠንታናለች። ማታውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "አምስቱን ቁጥር ካልጻፍክበት ደብዳቤህ አይደርሰኝም ይሉናል። ቁጥሩን በቃሌ ይዤልሃለሁ። አንተ ግን ፖስታ ላይ ስሜን እንኳ ጽፈህ አታውቅም።" መጽሐፉ የወጣ ሰሞን ይህችን ቃል በሬዲዮ አንብበዋታል። ኮሪን ማድቤት ቆማ ስትሰማ ዓይኗን ጠርጋለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ምሳ የቲማቲም ሾርባ ነበር። ሮሊን ጋዜጣውን ዘርግቶ "እንቁላል ደግሞ ጨመረ" አለ። ኮሪን "ስንት ገባ?" አለችው፤ "አንድ ከዘጠና" አላት። እኔ አንዲት ነገር ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ላይ ደርሳ ትመለስብኛለች። በመጨረሻ "ሮሊን፣ መቅድሙ ላይ ሙሉ ስሜን ነው የምትጽፈው?" አልኩት። ጋዜጣውን ሳያወርድ "ሙሉ ስምሽን" አለኝ። ኮሪን ብድግ ብላ ሳህኑን ማንሳት ጀመረች፤ ሾርባዬን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወሉ ተደወለ። የማድቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር መተላለፊያው ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት የሆናት ቀጭን ልጅ ናት፣ የምሥራቁ ሰፈር የሞንግ ስደተኞች ልጅ፤ በረዶ የነካውን ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ቆመች። "ዶክተር ማይ ሾንግ" ብላ እጇን ዘረጋች። ዶክተር መባሏ ትንሽ ገረመኝ፤ ከአሳታሚ ቤት ዶክተር ይልካሉ እንዴ? ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"ፕሮፌሰር፣ በደብዳቤ የጠየቅሁዎት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በእርስዎ መጽሐፍ ነው ታሪክ ላጥና ብዬ የተነሳሁት። ሲግኔ ሃውግ የሞተችው በ1957 ነው። የፖስታው አምስት ቁጥር የመጣው በ1963 ነው። ታዲያ ከሞተች ከስድስት ዓመት በኋላ እንዴት አድርጋ ጻፈችው?"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ልጅቱ ከአሳታሚ ቤት አይደለችም። ሮሊን ያን ሁሉ ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ፣ ያቺ የደብዳቤዬ ቃል ስላማረችው ብቻ በገዛ እጁ መጽሐፉ ላይ ትቷት፣ ይኸው ተያዘ። እኔ ቂሏ ታዲያ ልቤ በደስታ ዘለለ! በቃ፣ በሩ ተከፈተለት፣ አሁን ይናገራል፣ የእህቴ ናቸው ይላል አልኩ።

ሮሊን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ይህን ጥያቄ አንድ ሰው መጥቶ እስኪጠይቀኝ ሃያ አምስት ዓመት ጠበቅሁ" አላት። "ይምጡ፣ ላሳይዎት።"

ማድቤቱ በር ላይ ቆሙ። እንዳታቋርጪ ስላለኝ አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ። ልክ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚነጋገሩት በሹክሹክታ ጀመረ። "እህቴ ናት። ረቂቁን ታይፕ ያደረገችው እሷ ናት። ምስኪን፣ እሷም እዚያ ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ነበረች። ስትተይብ የራሷን ሐሳብ ከሲግኔ ደብዳቤ ጋር ቀላቀለችው፤ እኔም ሳላስተውል ታተመ። ካወቅሁ በኋላ ምን ላድርግ? አደባባይ ላውጣት? እንደሚያዩዋት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመጽሐፉ ስትገለብጥ ትውላለች። እኔ ነኝ የጻፍኩት ትላለች። አንዳንድ ቀን ሲግኔ ነኝ ብላ ትፈርማለች።"

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ወረቀቶች አየች። አሥራ አንድ ገጽ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣ ሁሉም ስር ሲግኔ፣ ሲግኔ፣ ሲግኔ። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ላይ ያለው እዝነት ነበር፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ከዚያ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ውሸት ነው!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከፍ ማለት አልነበረበትም። "እሱ ነው ዛሬ ጠዋት ገልብጪ ያለኝ! በሲግኔ ፈርሚ ያለኝ እሱ ነው! የሷ ደብዳቤ ተቃጥሏል፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነው!"

"እሺ ቨርኒ፣ እሺ የኔ እህት" አለ ሮሊን፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ።

"ኧረ ተው ሮሊን! አንሳ እጅህን!"

"እንዲህ ያደርጋታል" አላት ቀስ ብሎ።

ሰከን ለማለት ሞከርኩ። ከሆስፒታሉ የተማርኩት ነገር ቢኖር የጮኸ ሰው እንደማይታመን ነው። እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ "የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን ዝጊው፣ በቃሌ እልልሻለሁ" አልኳትና ጀመርኩ። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ አልኩላት። ልጅቱ በአክብሮት እየሰማች ራሷን ነቀነቀች፤ ሮሊን "ታይፕ ያደረገችው እሷ አይደለች?" ሲላት ለሱም ነቀነቀችለት። ያኔ እሱ ቆርጦ የጣለውን፣ መጽሐፉ ላይ የሌለውን ደብዳቤ በቃሌ አወጣሁት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም። "ሮሊን፣ እማዬ የሞተችው በሐምሌ ነው አሉኝ። እኔ የሰማሁት በኅዳር ነው። ለገና የምልክላት ሹራብ እጅጌው ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አሁን ምን ላድርገው? ልቀጥለው ወይስ ልፍታው?"

ዶክተር ሾንግ ትኩር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ሮሊን ዞረች። "ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም" አለችው።

"በየቀኑ አዲስ ነገር ትጨምርበታለች" አላት፤ ግን ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፣ ልጅቱም ሰምታዋለች። "ዋናዎቹን ባይ ደስ ይለኛል" አለችው። ምድር ቤቱ፣ ውሃው፣ ማለት ጀመረ። "ደብዳቤዎቹን ያየ ሌላ ሰው የለም?" አለች ልጅቱ።

"አለ እንጂ!" አልኩ፤ ከወንበሬ ተነሳሁ። "ኮሪን አለች። አዲስ ሙሽራ ሆና ነው ደብዳቤዎቼ በፖስታ የሚመጡት፤ የፖስታ ሳጥኑን የምትከፍተው እሷ ነበረች። ኮሪን፣ አንቺ ታውቂያለሽ። በእግዚአብሔር ንገሪያት።"

ኮሪን መደርደሪያው አጠገብ የሎሚ ኬክ በካሬ በካሬ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ጀርባዋን አየዋለሁ፣ የሹሩባዋን ሽበት አየዋለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳህን ያጠብኩላት፣ ስትታመም እግሯን ያሸሁላት፣ ሦስት ልጆቿን ያሳደግሁላት ሴት። አንዲት ቃል ነው የለመንኳት። ዞር አለች፣ ከሳህኑ ትልቁን ቁራጭ አነሳች፣ ለልጅቱ ዘረጋችላት።

"ይውሰዱ እንጂ ዶክተር" አለች። "ሞቅ እንዳለ ነው የሚጣፍጠው።"

ልጅቱ ተቀበለቻት። ምን ታድርግ? ባልና ሚስት በአንድ ወገን፣ በሌላው እኔ፣ ፀጉሬ እንደቆመ፣ በዚያ ልብስ፣ አሥራ አንድ ገጽ ሲግኔ ይዤ። ኬኳን ቀመስ አድርጋ አስቀመጠችና "ይቅርታ ያድርጉልኝ ፕሮፌሰር" አለችው። "ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር የመጣሁት፤ ለዩኒቨርሲቲው ልጽፍ ሁሉ ነበር። እርስዎ ግን እህትዎን ሰው እንዳይስቅባት ብለው ይህን ሁሉ ዓመት ስህተቱን ለራስዎ ተሸክመውታል።" ሮሊን ራሱን ዝቅ አደረገ። በአዲሱ እትም ሁለቱን ዓረፍተ ነገር እናወጣቸዋለን፣ ማንንም ሳንጎዳ በጸጥታ፣ አላት። የትኞቹን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስለ ቁጥሩ የሚሉት ናቸው።

ልትሄድ ስትል ልጅቱ ወንበሬ አጠገብ በርከክ አለችልኝ። ደግ ልጅ ናት፣ ልዋሽ አልፈልግም። "ወይዘሪት ቨርና፣ ሲግኔን እንዲህ የሚወዳት ሰው መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል" አለችኝ። "ለገና ካርድ ብልክልዎት ይቀበሉኛል?" ማስታወሻዋን አወጣች። "አድራሻው ይኸው የዚህ ቤት ነው አይደል?"

"ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አትሆንም" አለ ሮሊን። ወደ እኔ አላየም። "እያደር እየባሰባት ነው፤ ኮሪንም ደከመች። ጥሩ የአረጋውያን ማቆያ አግኝተንላታል። ይጻፉ፣ ሴዳር ቤት፣ ቶርሰን ፎልስ።"

ቶርሰን ፎልስ። ለካ ኮሪን ሹራቤ ላይ ስሜን የጻፈችው ለዚያ ቤት ላውንደሪ ነው። የዚያው ከተማ መንገድ፣ የዚያው ከተማ የውሃ ማማ በመስኮት።

ልጅቱ ጻፈች። ከከተማው ስም ኋላ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና አለች። "የፖስታ ቁጥሩስ?"

ሮሊን ኪሱን ዳበሰ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወደ ኮሪን ዞረ። ኮሪንም አታውቀውም። ሁለቱም አያውቁትም፤ ከየት ያውቁታል፣ ጽፈውት አያውቁ። ከዚያ አንድ ድምፅ ቁጥሩን ሲያወጣ ሰማሁ፣ አንድ በአንድ፣ ነርሷ እንዳስጠናችን በዚያው ዜማ፣ አምስቱንም። እኔ ነበርኩ።

ዶክተር ሾንግ ጻፈችው። እጇ ገጹ ላይ ትንሽ ቆየ፤ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ቁጥሩን አየች፤ ሮሊን "አይገርምም? ይህን አትረሳም" ሲላት ማስታወሻዋን ዘጋችና አመስግናው ጫማዋን ልታደርግ ሄደች። የውጭው በር ሲከፈት ብርዱ እስከ ማድቤት ዘለቀ። ኮሪን ሹራቤን ከወንበሩ አንስታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ፣ ከላይ ያለውንም ቁልፍ ቆለፈችልኝ። ቀለሙ የደረቀበት ቦታ ጠንክሯል፤ አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ሙሉ ስሜ ይቧጭረኛል።